የጻፍኩት ቁጥር

ቁጥሩ 1,100 ነው። በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ሮቤ ከተማ ውስጥ፣ «የቀን ገቢ ግምት» ከሚለው ርዕስ ሥር ባለች ባዶ ሳጥን ውስጥ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ሻይ ሻጯ የነገሩኝ 480 ነበር። 480 እውነት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከከተማው ሰው ሁሉ ይልቅ እኔ አውቅ ነበር። ይህን ለማንም ሳልናገር ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ። በደል ብዬ የምጠራው ነገርም አልመሰለኝም፤ ሰው አልገደልኩ፣ ጉቦ አልበላሁ። ሰሞኑን ግን ሰዉ ስለ አዲሱ የገቢ ግብር ሕግ ሲያወራ፣ «ቀለለ ይሉናል፤ መቼ ቀልሎ ያውቃል?» ሲባባል በሰማሁ ቁጥር ያቺ ሳጥን ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች። ሰዉ ለምን እንደማያምን አውቃለሁ። እንዳያምን ካደረጉት አንዱ እኔ ነኝ።

የተወለድኩት ብድሬ ነው፣ መዳ ወላቡ። ዘጠነኛ ክፍል ለመማር በደሎ መና አድርጌ፣ የሐረናን ጫካ አቋርጬ፣ የሳነቴን ብርድ በጭነት መኪና ላይ ተቀብዬ ጎባ ስወርድ ጣቶቼ አይታዘዙኝም ነበር። ከጎባ ሮቤ ገባሁ፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ግቢው የእሳቸው ነበር። ስማቸውን አልጽፍም። እኔ የምጠራቸው አዴ ብዬ ነው፤ እኛ ጋ ለእናት እኩያ ሴት የምንለው ይህንኑ ነው። ግቢው በር ላይ ሻይና ፓስቲ ይሸጡ ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሰሉ ሲቀጣጠል ጭሱ ክፍሌ ውስጥ ይገባና ይቀሰቅሰኛል። ሃያ አራት ብርጭቆ፣ ሁለት ፔርሙዝ፣ አንድ ትልቅ የጠቆረ ማንቆርቆሪያ፤ ንብረታቸው ይኸው ነው።

አዴ ፊደል አልቆጠሩም። ደንበኞቻቸው ደግሞ ጋሪ ነጂዎችና ስንዴ የሚጭኑ ወዛደሮች ነበሩ፤ ዛሬ ጠጥተው ቅዳሜ የሚከፍሉ። ስለዚህ የዱቤ ደብተሩን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። ማታ ማታ ከትምህርት ስመለስ ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ማን ስንት ሻይ፣ ማን ስንት ፓስቲ እንደወሰደ ከአፋቸው እየሰማሁ እጽፋለሁ። አንድም ቀን አይሳሳቱም። ለድካሜ የሻይና የፓስቲ ሒሳብ አይጠይቁኝም፤ አራት ዓመት ቁርሴን የበላሁት እንዲህ ነው። ተምሬ የሒሳብ ዲፕሎማ ስይዝ፣ ከቤታቸው ሳልወጣና ደብተሩንም ሳልተው፣ በጊዜያዊነት ቀበሌ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። በ2009 ገማች ኮሚቴ ውስጥ ስመደብም ደብተሩ ክፍሌ ውስጥ ነበር። በአዘቦት ቀን መቶ ሻይ በ3 ብር፣ ዘጠና ፓስቲ በ2 ብር። 480። ይህን ለማወቅ መገመት አያስፈልገኝም ነበር።

ያ ግምት እንዴት እንደመጣ ላስታውስ። በ2008 ነሐሴ የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ወጣ። ክልሎችም የግለሰብ ነጋዴን ግብር የሚሰበስቡት ራሳቸው ስለሆኑ በዚያው ቅኝት የየራሳቸውን ሕግ አወጡ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ተባለ፤ የሒሳብ መዝገብ መያዝ አይገደድም፤ የቁርጥ ግብር ይከፍላል። ቁርጡን ለማወቅ ዓመታዊ ሽያጩ መታወቅ አለበት፤ መዝገብ ስለሌለው ደግሞ የቀን ሽያጩ ይገመታል፤ የቀኑ በሥራ ቀናት ይባዛል፤ ከዚያ በየንግዱ ዓይነት በወጣው ሠንጠረዥ ላይ ይታያል። ለሰልጣኞች ሲነገር በጣም ግልጽ ነበር። እኛም ተምረን ወጥተን ለሕዝቡ ያንኑ ተናገርን። በስብሰባ ላይ ማይኩን ይዤ የተናገርኩት ቃል አሁን ድረስ ይሰማኛል፦ «ግብሩ ቀሏል። ወረቀት የለም፣ ሒሳብ ሠራተኛ መቅጠር የለም። እውነቱን ንገሩን፣ ቁርጡን እንነግራችኋለን፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ከፍላችሁ ትገላገላላችሁ። እውነት የተናገረ አይጎዳም።» አዴ ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው ነበር። ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አይቻለሁ።

ቤታቸው የደረስነው በገበያ ቀን ነበር። ሦስት ነበርን። ወንበሮቹ ሞልተዋል፤ ከሲናና የመጡ ገበሬዎች ቆመው ይጠጣሉ፤ ብርጭቆው ታጥቦ ሳይደርቅ ይቀዳበታል። አብሮኝ ያለው ባለሙያ ወንበር ቆጠረ፤ ብርጭቆ ቆጠረ፤ ፓስቲ የተደረደረበትን ትሪ አየ። «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» አላቸው። አዴ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረግ ጠረግ አድርገው እኔን አዩ። ባለሙያውን አይደለም፤ እኔን። «ልጄ ያውቀዋል፤ አራት መቶ ሰማንያ። ገበያ ሲሆን ይበልጣል፤ ዝናብ ሲሆን ያንሳል» አሉ። ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ በዝግታ፣ «ስንት ልበል?» አለኝ። እስክሪብቶው እኔ እጅ ነበር።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ደጋግሜ ራሴን መርምሬያለሁ። ጥላቻ የለም። ስግብግብነትም የለም፤ ከዚያ ቁጥር አንዲት ሳንቲም አላገኝም። በዚያ ሳምንት ግን አንድ አለቃ ሰብስቦን ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣ ቡድን እንደገና እንደሚሄድ ነግሮን ነበር። ዓመቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዓመት ነው፤ ማንም ከማንም ጋር መከራከር አይፈልግም። ደግሞ ለሁለት ሳምንት ከሱቅ ሱቅ ስንዞር አንድ ነገር ተምሬ ነበር፦ ሁሉም ግማሹን ነው የሚናገረው። ስለዚህ እኛም እጥፉን እንጽፋለን። ነጋዴው እጥፍ እንደምንጽፍ ስለሚያውቅ ግማሹን ይናገራል፤ እኛ ግማሹን እንደሚናገር ስለምናውቅ እጥፉን እንጽፋለን። ሁለቱ ውሸቶች ተጋጭተው መሃል ላይ እውነቱን ያስቀምጡታል ብለን ነበር የምንሠራው። ከእሳቸው ቤት ቀጥሎ ያለው ባለ ሸቀጥ፣ መደርደሪያው እስከ ጣሪያ የሞላ ሰው፣ «ሦስት መቶ» ብሎን ስድስት መቶ ጽፈንለት ነው የመጣነው። አዴ ግን ሙሉውን ነው የተናገሩት፤ ያውም እኔ «እውነት የተናገረ አይጎዳም» ስላልኳቸው። እኔም እውነት መሆኑን እያወቅኩ እንደ ሌላው ሰው እጥፍ አደረግኩት፤ ገበያውን አይቼ ደግሞ ጨመር አደረግኩበት። 1,100። ባለሙያው ፈረመ፤ ሦስተኛው ፈረመ፤ እኔም ፈረምኩ። አዴ ሻይ ቀዱልን። ጠጣሁት።

480 በሦስት መቶ ቀን 144,000 ነው። 1,100 በሦስት መቶ ቀን 330,000። ልዩነቱ 186,000 ብር፣ አንድም ቀን በእሳቸው ጣት ያልተቆጠረ ገንዘብ። ወረቀቱ የደረሳቸው ሐምሌ ላይ ነው። በዚያ ሐምሌ የሆነውን ብዙ ሰው ያስታውሳል፦ በአምቦ፣ በወሊሶ ሱቆች ተዘግተው ዋሉ፤ አዲስ አበባም በየወረዳው በር ላይ የቅሬታ ሰልፍ ነበር። ከተናደደው ሰው ብዙው የቀን ሽያጩን የቀን ትርፉ አድርገው የጻፉበት መስሎት ነበር። ባለሥልጣናቱም ይህንኑ ይዘው ሕዝቡ አልገባውም አሉ። እኔም ያኔ እንደዚያ ስል ነበር፤ «አልገባቸውም» የምትለዋ ቃል ለእኔ ትራስ ሆነችኝ። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ሽያጭንና ትርፍን አልለየም። ግን አዴ ለይተዋል። ስኳር፣ ዘይት፣ ዱቄት፣ ከሰል ስንት እንደሚወስድ በቃላቸው ያውቃሉ። ያልገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሳቸው 480 ብለው እኔ ምን ሰምቼ 1,100 እንደጻፍኩ።

ወረቀቱን ይዘው መጡ። እኔ ክፍሌ ውስጥ ነበርኩ። በሩን አንኳኩ፤ «ልጄ አለህ?» አሉ። ዝም አልኩ። መብራቱ እየበራ ነበር፤ መኖሬን ያውቃሉ። ትንሽ ቆመው ሄዱ። በማግስቱ ቅሬታ ለማቅረብ ሲሄዱ ማመልከቻ የጻፈላቸው ሌላ ሰው ነው፤ በ50 ብር። ቅሬታው ታየና ጥቂት ተቀነሰ። የተቀነሰው ገማቹ ስለተሳሳተ አልነበረም፤ በጅምላ ለብዙ ሰው ሲቀነስ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከፍለው ንግድ ፈቃዳቸውን መለሱ። ሥራውን አልተዉም፤ በሩን ዘግተው መንገድ ዳር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሸራ ወጥረው ቀጠሉ። ሕጋዊ የነበረችው ሴት በእኔ ቁጥር ከሕግ ውጭ ሆነች። ያኔ እኔ ከግቢያቸው ወጥቼ ሌላ ሰፈር ተከራይቼ ነበር። የዱቤ ደብተሩን ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ፣ በሌሉበት ሰዓት መርጬ ነው የወጣሁት።

አያቴ ቢኖሩ ምን ይሉ እንደነበር አስባለሁ። ብድሬ ቤታቸው ውስጥ፣ ከአልጋቸው ራስጌ፣ ክዳኗ የዛገ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ነበረች። ውስጧ ደረሰኝ ብቻ ነው። የመሬት ግብር፣ ስለ አሥራት የሚከፈለው፣ ከ1940 ወዲህ የትምህርት፣ ከ1951 ወዲህ የጤና። ጠርዛቸው ብል የበላቸው፣ ማኅተማቸው የደበዘዘ ወረቀቶች። በልጅነቴ አውጥቼ ልጫወትባቸው ስል የመቱኝ ጊዜ ያ ብቻ ነው። አማርኛ ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ግን የትኛው ወረቀት የየትኛው ዓመት እንደሆነ በእጥፋቱ ይለዩታል። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። አያቴ ሞኝ አልነበሩም። ግብር ያላስመዘገበ ሰው መሬቱን ሲያጣ፣ በሌላ ስም ሲዛወርበት በዓይናቸው አይተዋል። በ1934 የወጣው የመሬት ግብር ሕግም እኮ ለማቅለል ነበር የመጣው፦ ለም በጋሻ 15 ብር፣ ለም ጠፍ 10 ብር፣ ጠፍ 5 ብር፤ ሦስት መደብ፣ ሦስት ቁጥር። ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ግን ለም ነው ጠፍ ነው የሚለውን የሚወስነው እርሻው ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። አሥራቱንም ማሳ ላይ ቆሞ የሚገምት ሰው ነበር። በ1940ዎቹ መሬት በገመድ ሊለካ ቀላድ ተጣለ፤ ከብት ያለውም ላይ የከብት ግብር ነበረበት። በ1955 ባሌ ላይ የተነሳው አመፅ፣ ከእኛው ከመዳ ወላቡ ምድር የወጡት ዋቆ ጉቱ የመሩት፣ እስከ 1962 የዘለቀው፣ መነሻው ብዙ ነው፤ ሃይማኖትም አለበት፣ የአስተዳደር በደልም አለበት። ሽማግሌዎቹ ሲያወሩት ግን መጀመሪያ የሚያነሱት መሬትና ግብር ነው።

በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲታወጅም ነገሩ አሥራትን የሚሽር፣ በገቢ መጠን የሚያስከፍል፣ ለደሃው የሚሻል ተብሎ ነበር። በወረቀት ሲያዩት እውነትም የሚሻል ነበር። ጎጃም ግን ገማቾቹን አላስገባም አለ፤ ጦር ዘመተ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢው ተነስተው ውዝፉ ተማረ። የጎጃም ገበሬ አዋጁን አላነበበም ይሉ ነበር። አዎ፣ አላነበበም፤ አዋጁን ይዞ የሚመጣውን ሰው ግን ያውቀዋል፤ ሊለካ የመጣ ነገ ሊወስድ ይመጣል ብሎ ነው የፈራው። እባብ ያየ በልጥ በረየ። አያቴም የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ፣ ያ ሁሉ ደረሰኝ ዋጋ ቢስ ሲሆን፣ ቆርቆሮዋን አልጣሉም። ሲሞቱም ከራስጌያቸው ነበረች። እኔ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነኝ። አባቶቼን ያስፈራቸው ሰው፣ ማሳ ዳር ቆሞ ቁጥር የሚጠራው ሰው፣ ዘመኑ ሲደርስ እኔ ሆንኩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል።

ከኮሚቴው በኋላ በግሌ ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። አሁን የምተዳደረው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥፋቴ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን መናገር ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም እስካለፈው ዓመት ድረስ የዘለቀ ነው።

አንድ ባለ ሱቅ በቀን 2,500 ብር ይሸጣል እንበል፤ በዓመት 912,500። በ2008ቱ ሕግ መሠረት ደረጃ «ለ» ነው። ዋጋ በእጥፍ ሲወጣ ያው ሱቅ፣ ያው ዘይት፣ ያው ሳሙና፣ ያው ደንበኛ፣ 5,000 ይሸጣል፤ በዓመት 1.8 ሚሊዮን። አንዲት ካርቶን ሳይጨምር ከአንድ ሚሊዮን አለፈና ደረጃ «ሀ» ሆነ። አሁን ካሽ ሬጅስተር፣ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ፣ እስከ ጥቅምት 30 የሚቀርብ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ኦዲት። ሰውየው አላደገም፤ ብሩ ነው የወደቀው። ደመወዝተኛውም ላይ ያው ነው የሆነው፦ በ2008 ከግብር ነፃ የተደረገው 600 ብር እስከ 2017 ድረስ 600 ብር ሆኖ ቆየ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ 600 ብር ምን ይገዛ እንደነበርና ምን እንደሚገዛ ገበያ የሚወጣ ሁሉ ያውቃል። ሕጉ በተጻፈበት ቀን ቀላል ነበር። ማንም ሳይነካው፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ከበደ።

ያ ክብደት ነው እኔን ያበላኝ። ባለ ሱቁ ደንግጦ ወደ እኔ ይመጣል። እኔም ላረጋጋው ስችል አላረጋጋውም። «ኦዲት ሲመጣ» የምትል ቃል አለች፤ በየንግግሬ መሃል ጣል አደርጋታለሁ። «ኦዲት ሲመጣ ይህቺን ካየ…» ብዬ ዝም እላለሁ። ዝምታው ይበቃዋል። በወር የሚከፍለኝን ሳይከራከር ይከፍላል። ሁለት ቀን ቁጭ ብዬ ባስተምረው ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ለዓመታት ይዤበት ኖርኩ። የቅጣቱን አንቀጽ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የመብቱን አንቀጽ፣ ቅሬታ የሚያቀርብበትን ቀን፣ በክፍያ ጊዜ እፎይታ መጠየቅ እንደሚችል ሳይጠይቀኝ ነግሬው አላውቅም። አልዋሸሁትም። ፍርሃቱን ግን እንደ ሸቀጥ መልሼ ሸጥኩለት።

ከዚያ ሐምሌ 10 ቀን 2017 የተወካዮች ምክር ቤት የገቢ ግብር ማሻሻያውን፣ አዋጅ ቁጥር 1395ን አጸደቀ። ለደመወዝተኛ ከግብር ነፃ የሆነው 2,000 ብር ደረሰ፤ ከፍተኛው 35 በመቶ ከ14,000 ብር በላይ ላይ ሆነ። ደረጃ «ሐ» ቀረ። ሽያጩ ከሁለት ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ «ለ» ሆኖ በሽያጩ ላይ በተቀመጠ መቶኛ እንዲከፍል ተወሰነ። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት ቢሮዬ መጣ። የአዴ ልጅ ነው። እኔ ስወጣ ትንሽ ልጅ ነበር፤ አላወቅኩትም፤ እሱ ግን አወቀኝ። «ጋሼ፣ እናቴ ፈቃድ ታውጣ ወይ? አሁን ቀለለ አሉ፤ እውነት ነው?» አለኝ። እኔም ወንበሬ ላይ ወደ ኋላ ደገፍ ብዬ፣ «ተወው ወንድሜ፤ ሁሌም ቀለለ ነው የሚሉት። አትመን» አልኩት። አመስግኖኝ ወጣ።

ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። «አትመን» ያልኩት ለምንድነው? ለጥርጣሬዬ እውነተኛ ምክንያቶች አሉኝ፤ እነሱን አልክድም። ከሽያጭ ላይ መክፈል ለስሌት ይቀላል፤ ነገር ግን ሽያጭ ትርፍን አያይም። ሻይ የሚሸጥ ሰው ከብርጭቆው ግማሹን ሊያተርፍ ይችላል፤ ስኳር የሚቸረችር ወይም ስንዴ ከገበሬ ገዝቶ ለወፍጮ የሚያቀብል ሰው ግን ከመቶ ብር ላይ ሁለትና ሦስት ብር ይዞ ነው የሚገባው። እሱ ላይ መቶኛው የጉልበቱን ዋጋ ሊወስድበት ይችላል። በከሰረበት ዓመትም ሸጧል፤ ስለዚህ ይከፍላል። ሁለት ሚሊዮኑም፣ ከዋጋ ንረቱ ጋር አብሮ ከፍ የሚልበት መንገድ ካልተበጀለት፣ እንደ አንድ ሚሊዮኑ ተቀምጦ ይከብዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደረሰኝ የማይቆርጥ ሰው ሽያጩ የሚታወቀው በምንድነው? አንድ ሰው መጥቶ ገምቶ ካልሆነ። ሳጥኗ ስሟ ተቀየረ እንጂ የሚሞላት እጅ ያው ነው። ይህን ጥርጣሬ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ አላዋቂ አይደለም፤ ሕጉን ከጻፉት እኩል ያውቀዋል፤ እንዲያውም በጎኑ በኩል ያውቀዋል።

ነገር ግን ለዚያ ልጅ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ይህን ብነግረው ኖሮ ጥርጣሬዬ ንጹሕ ይሆን ነበር። እኔ ያልኩት «አትመን» ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ሌሊቱን ሙሉ ስቆፍር ያገኘሁት ሁለት ነገር ነው። ግብሩ እውነት ከቀለለ ከደንበኞቼ ግማሾቹ እኔን አይፈልጉኝም፤ ደረጃቸው ሲቀየር የወር ክፍያዬ ይቀራል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ እናቱ ፈቃድ ካወጡ እንደገና «በቀን ስንት ይሸጣሉ?» ይባላሉ፤ ያ ጥያቄ ሲነሳ የእኔ 1,100 አብሮ ይነሳል። ሕዝቡ ሁሉ እንዳያምን የምፈልገው ብቻዬን እንዳልታይ ነበር። ሁሉም ነገር ያው ነው፣ ሁሉም ሰው ያው ነው፣ መቼም አይሻሻልም ሲባል የእኔ ቁጥር በዚያ ጨለማ ውስጥ ይደበቅልኛል። የሕዝቡ ጥርጣሬ የተገፋ ሰው ጥርጣሬ ነው፤ የእኔ ግን መደበቂያ ነበር። ቃሉ አንድ ስለሆነ ሁለቱ እንደማይለዩ አስቤ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ሄድኩ። ሸራው ያው ቦታ ነበር፤ ከአጥሩ ጥግ። የገበያ ቀን እንዳይሆን አስቤ መረጥኩ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር፤ ከብርዱ የተነሳ የማንቆርቆሪያው እንፋሎት ጎልቶ ይታያል። አዴ አርጅተዋል። አዩኝ፤ ምንም ሳይሉ ብርጭቆ አለቅልቀው ቀዱልኝ። እኔም ቁጭ አልኩና የያዝኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፦ 480 እውነት እንደሆነ አውቅ እንደነበር፣ ደብተሩ ክፍሌ ውስጥ እንደነበር፣ በሩን ሲያንኳኩ ውስጥ እንደነበርኩ። አቋርጠውኝ አንድ ደንበኛ አስተናገዱ። ተመልሰው፣ «መኖርህንማ አውቃለሁ፤ መብራቱ በርቷል» አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም አልጠየቅኳቸውም፤ ሊሰጡኝ የሚገባ ነገር እንዳላቸው አድርጌ መቅረብ አልፈለግኩም።

አዲሱን ሕግ የማውቀውን ያህል ነገርኳቸው፤ የሚቀለውንም የሚያሰጋውንም። ልጃቸው ቆሞ ይሰማል። ፈቃድ ቢያወጡ መዝገቡን በየሳምንቱ ያለ ክፍያ እንደምይዝላቸው፣ ግምት ቢመጣባቸው ከመዝገቡ ጋር ቅሬታውን እኔ እንደምጽፍ፣ በ2009 የሆነውንም ምስክር ሆኜ እንደምፈርም ነገርኳቸው። ከዚያ አዲስ ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። «አዴ፣ ትናንት ስንት ሸጡ?» አልኳቸው።

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። ቁጥሩ አፋቸው ላይ እንደደረሰ አይቻለሁ፤ ሰው ቁጥር ሊናገር ሲል ከንፈሩ የሚሠራውን እኔ አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ተመልሰው ዋጡት። «አንተ ስንት ትላለህ?» አሉኝ።

ምንም አላልኩም። እስክሪብቶውን ለልጁ ሰጠሁት። እኔ ከሸራው ሥር፣ ብርጭቆ ከሚታጠብበት ባልዲ አጠገብ ተቀመጥኩ። የተመለሰ ብርጭቆ ሁሉ በእኔ በኩል አለፈ፤ እያለቀለቅኩ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ፤ ልጁ በየአምስቱ ጭረት ይሰርዛል። ረፋድ ላይ ጭነት የጨረሱ ወዛደሮች መጡ። እኩለ ቀን ላይ ዝናብ ጣለና ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ባጃጅ ሾፌሮች በዱቤ ጠጡ፤ ልጁ ስማቸውን ጻፈ። አዴ አንድ ጊዜ፣ ሰባ ሁለተኛው ላይ ይመስለኛል፣ ቆጠራዬን አቋርጠው «ሰባ ሦስት ነው» አሉ። ደብተሩን አየነው። ሰባ ሦስት ነበር።